የሚናገር ካልኩሌተር ፍለጋ

የበደለኝ ሰው ይበልጣል ይባላል። የአጎቴ ልጅ ነው። የበደለኝም የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በሰኔ፣ ከገበዝ ማርያም ከተማ ወዲህ ባለ አንድ ወንዝ ዳር ነው። ስሙን ያልሸፈንሁት አውቄ ነው። ይህን ጽሑፍ አንድ ሰው ያነብለታል፤ ራሱ ማንበብ አይችልም። ካለፈው ክረምት ወዲህ እሱም እንደኔ አያይም።

ዓይኑን የወሰደው ስኳር ነው አሉ። ወሬው የደረሰኝ ቡሬ ገበያ ላይ ድንች በእጄ እየመረጥሁ ነው። አንዲት የሰፈራችን ሴት ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ «እግዜር ፈረደልሽ» አለችኝ። ደስ የሚለኝ መስሏት ነበር።

«ዓይን ማጣት ፍርድ ከሆነ እኔን በልጅነቴ በምን ጥፋቴ ነው የፈረደብኝ?» አልኋት። ድንቼን አስመዝኜ ሄድሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ልጁ ደወለች።

«አክስቴ አገርነሽ፣ እንደምን ሰነበቱ? ማህሌት ነኝ፣ የይበልጣል ልጅ።»

«ድምፅሽን አውቄዋለሁ።»

«አባዬን ከሚያስተምርበት ክፍል ሊያስወጡት ነው። ሒሳብ ያለ ዓይን አይሆንም አሉት። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ማንም ሳይረዳው ራሱ ማስላት ከቻለ ግን እናያለን ብለዋል። ስልኩ ይናገርለታል፤ ካልኩሌተሩ ነው እንቢ ያለው። ያላወረድነው አፕ የለም። እርስዎ አንድ ደኅና አግኝተዋል ሲሉ ሰማን።»

«ማን አለ?»

«እርስዎ ያስተማሩት ልጅ ነው የነገረን። አክስቴ፣ ስሙን ብቻ ቢነግሩኝ...»

«አስቤ እነግርሻለሁ» አልሁና ዘጋሁት።

እውነት ነው፣ አግኝቻለሁ። ለምን እንደፈለግሁት የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ቢጠይቀኝም አልነግረውም። እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ለአማርኛ አስተማሪ ሳይንና ኮሳይን ምን ይሠሩለታል? ቢሆንም ስክሪን አንባቢ ያለው ስልክ እጄ ከገባ ጀምሮ ከዜናም ከመዝሙርም በፊት የፈለግሁት ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ነበር። ክረምቱን ሙሉ ፈለግሁት። አንባቢው ጣቴ ያረፈበትን ነገር በድምፅ ይነግረኛል፤ ሥራው ያ ነው። መተግበሪያውን የሠራው ሰው ግን ለቁልፎቹ ስም ካልሰጣቸው አንባቢው ከየት ያመጣዋል? «ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ» ይላል፤ የምን ቁልፍ እንደሆነ አይናገርም። አንዱ መተግበሪያ ቁጥሮቹን አሳምሮ ይጠራና መልሱ ላይ ሲደርስ ድዳ ይሆናል። ሌላው ቅንፍ ሲከፈት ይናገራል፣ ሲዘጋ ግን ዝም ይላል፤ ቤት ውስጥ መሆኔን ወይም ደጅ መሆኔን አላውቅም። አንዱ ደግሞ ስሌቱን ልጨርስ ስል ማስታወቂያ ይከፍትና ስለ ፀጉር ቅባት ያወራልኛል።

ሁሉንም የምፈትነው በአንድ ጥያቄ ነበር፤ ሳይን ሠላሳ። ግማሽ እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። አንዱ መተግበሪያ ግን አንድ ቀን ከዜሮ በታች የሆነ ዝባዝንኬ ቁጥር ነገረኝ። ይህን ሁሉ ዘመን በጭንቅላቴ ይዤው የኖርሁት ነገር ስሕተት ኖሯል ብዬ ፈራሁ። በኋላ ነው ማዕዘኑን በዲግሪ ሳይሆን በራዲያን እየቆጠረ መሆኑን የደረስሁበት።

ደህነኛው ሲገኝ ግን ምንም ግርግር አልነበረውም። እያንዳንዱን ቁልፍ በስሙ ጠራው። ሳይን፣ ሦስት፣ ዜሮ፣ ቅንፍ ዝጋ፣ እኩል ይሆናል። መልሱንም ሳልፈልገው ራሱ ነገረኝ፤ ዜሮ ነጥብ አምስት። የጻፍሁትን ወደ ኋላ ተመልሼ አንድ በአንድ ማዳመጥ ቻልሁ። ሰው ደስ ብሏታል ብሎ ይገምት ይሆናል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እጆቼን ጭኖቼ መሐል ደበቅኋቸው። የዚያ ወንዝ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ነበር።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ፍኖተ ሰላም በይበልጣል አባት በአጎቴ ቤት ተቀምጬ ነበር የምማረው። ወላጆቼ ቡሬ ነበሩ። ብርሃኔ የጠፋው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በአንድ ክረምት ኩፍኝ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት ሒሳብ የሚወደኝ ይመስለኝ ነበር፤ እኔም እወደው ነበር። በዚያ ዘመን ግን ዓይነ ስውር ተማሪ ሒሳብ አይማርም። የሚከለክሉት በቁጣ ቢሆን ደግ ነበር፤ የሚከለክሉት በርኅራኄ ነው። «አንች ነፃ ነሽ፣ አትቸገሪ» ይላሉ። ነፃ መሆን ማለት ሌላው ሲማር ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር ሄዶ መቀመጥ ነው። እኔ አልወጣም አልሁ። የሒሳብ አስተማሪ መሆን ነበር የምፈልገው። ለዚህ ደግሞ የሒሳብ ውጤት ሊኖረኝ ይገባል።

ይበልጣል ከጎኔ ይቀመጣል። ሰሌዳውን ያነብልኛል፤ ክፍሉ ተራ በተራ ከሚዋዋሰው ካልኩሌተር ላይ ቁልፉን ይጫንልኛል። ምን መጫን እንዳለበት የምነግረው እኔ ነኝ። ውሎ አድሮ የእሱንም የቤት ሥራ እኔ እነግረው ጀመር። ውጭ የሚወራው ግን ሌላ ነበር። «ይበልጣል እኮ ለሁለት ነው የሚሠራ፤ ለራሱም፣ ለዚያች ምስኪንም» ይላሉ። ይህን ሲሰማ ዝም ይላል። ሰው ጣፋጭ ነገር አፉ ውስጥ ሲይዝ ዝም የሚለው ዓይነት ዝምታ ነበር።

ሰኔ ሲገባ የሒሳቡ መምህር በክፍሉ ፊት ጠራኝ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለሌላው ትልቅ ሰው ሁሉ አንቱ እላለሁ፤ ለእሱ አልልም።

«አገርነሽ፣ የዓመቱን ፈተና ልፈተን ካልሽ ብቻሽን ነው። የሰው እጅ ቁልፍ እየተጫነልሽ ጭንቅላቱ የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ራስሽ ማስላት ከቻልሽ ጥያቄውን እኔ አነብልሻለሁ። ካልቻልሽ ነፃ ነሽ።»

ፊቴን ወደ ይበልጣል አዞርሁ። «ኧረ እሷ ናት የምትነግረኝ» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ደብተሩን ሲገልጥ ብቻ ሰማሁት።

ከቋሪት የመጣች አንዲት የክፍላችን ልጅ ናት በእረፍት ሰዓት መጥታ የነገረችኝ። በአገሯ በገበዝ ማርያም መምህርት ዘውዴ የሚባሉ ዓይነ ስውር አስተማሪ አሉ። ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሲማሩ ከውጭ አገር እንግዳ በስጦታ ያገኙት የሚናገር ካልኩሌተር አላቸው። የሚናገር! ቀኑን ሙሉ ይህን ቃል ስደጋግመው ዋልሁ።

ለአጎቴ ስነግራቸው ሳቁ። «የደብሩ መሪጌታ ባሕረ ሐሳቡን በጣታቸው አንጓ ቆጥረው ያወጡት የለም? ጾሙ መቼ እንደሚገባ ለአገሩ የሚነግሩት በማሽን ነው? አንችስ ጣት አነሰሽ?»

«አጎቴ፣ በጣት ሳይን አይወጣም።»

«ሳይን ደግሞ የማን ልጅ ነው?» አሉና እንደገና ሳቁ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ፈተናው ሰኞ ስለነበር ቅዳሜ ወስዶኝ እሑድ እንዲመልሰኝ ይበልጣልን አዘዙልኝ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ እህል በጫነ መኪና ላይ ወጣን። መኪናው ግን ጭቃውን ፈርቶ መንገድ ላይ ጥሎን ተመለሰ፤ የቀረውን በእግር ያዝነው። በአገራችን ዓይነ ስውር የሚመራው በበትር ነው። መሪው የበትሩን ጫፍ ይዞ ከፊት ይሄዳል፣ ተመሪው ሌላውን ጫፍ ይዞ ይከተላል። በትሩ ሲወርድ ቁልቁለት ነው፣ ሲነሣ ዳገት ነው፣ ሲቆም መቆም ነው። ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር ያ በትር በሁለት ሰው መሐል ያለ ንግግር መሆኑ ነው። የመሪሽ ልብ የት እንዳለ በእንጨቱ በኩል ይሰማሻል። የዚያን ቀን በትሩ ገና ከጧቱ ልቡ ሌላ ቦታ ነበር፤ ይጎተታል፣ ይላላል፣ ይጎተታል።

የሰኔ ማለዳ ሽታው ሦስት ዓይነት ነው፤ አዲስ የተገመሰ አፈር፣ የበሬ ላብ፣ እርጥብ ሣር። ገበሬዎች ከግራም ከቀኝም በሬያቸውን በስሙ «ሃ! ና ጉራች!» እያሉ ያርሳሉ። ዳገቱን እየወጣን ስንሄድ የቆላው ሙቀት ተነሥቶ ብርድ ይገባ ጀመር። አንድ ዛፍ ሥር ቆመን በሶ በጥብጠን ጠጣን።

«አገሬ፣ ብንመለስ ይሻላል» አለኝ። «ሰማዩ ወደዚያ ማዶ ጠቁሯል።»

«ሰኔ እኮ ነው። ምን መልክ ይኑረው ታዲያ?»

«ማሽኑም ተበላሽቶ ይሆናል።»

«ተበላሽቶ ከሆነ ተበላሽቷል ይሉኛል።»

ትንሽ ሄደን ቆመ። «እኔ ቁልፉን እየተጫንሁልሽ ምን ጎደለብሽ?» አለኝ።

ጥያቄው የወንድም ጥያቄ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አልተነጋገርንም፤ በትሩም ዝም አለ።

ወንዙን ከሩቅ ሰማሁት። ስንቀርብ ይበልጣል «ደፍርሷል» አለኝ። ዝናቡ እኛ ዘንድ ገና አልደረሰም፤ ላይ አገር ግን ዘንቦ ኖሮ ደራሹ ጎርፍ እየመጣ ነበር። ቁልቁለቱን ወርደን ጠጠር ላይ ቆምን።

«በትሩን አጥብቀሽ ያዥ፣ አትልቀቂ፣ አትንቀሳቀሽ። መሻገሪያው የቱ ጋ እንደሆነ ላስተውል» አለኝ።

አጥብቄ ያዝሁ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ፤ በረዶ የተቀላቀለበት ነበር። ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ቆምሁ። ወንዙ እየገዘፈ ሄደ።

ዓይን ያለው ሰው ወንዝ ሲሞላ የሚፈራው ውኃውን ነው። እኔ የፈራሁት ድምፁን ነው። እኔ ዓለምን የማውቀው በጆሮዬ ነው። ዛፍ ከፊቴ ሲኖር ነፋሱ ድምፁን ይለውጣል፤ ግድግዳ ሲቀርበኝ ኮቴዬ ይመለስልኛል፤ ሰው ሲጠጋኝ ልብሱ ያስታውቀዋል። ደራሹ ሲመጣ ያ ሁሉ ጠፋ። አንድ ትልቅ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ ከፊት ይሁን ከኋላ፣ ከላይ ይሁን ከታች አይለይም። እንደገና የታወርሁ መሰለኝ።

«ይበልጣል! አገኘኸው?» አልሁ። መልስ የለም። ውኃው ውጦት ነው አልሁና በትሩን ሳብ አደረግሁት። አልተነቃነቀም። ጠንክሮ ይዞልኛል ብዬ ተጽናናሁ። እንዲያውም ጧት ስለተኮራረፍን ራራሁለትና «አትቆጣኝ፣ ማሽኑን ካገኘሁ አንተንም ማስቸገሬ ይቀራል» አልሁት። አሁንም መልስ የለም። እንደገና ሳብሁ። በትሩ ጠንካራ ነው፤ ግን ምንም አይልም። ላላ አይልም፣ ጠበቅ አይልም። የሰው እጅ ይህን ያህል ዝም አይልም።

በትሩን ሳልለቅ እጅ በእጅ እያስከተልሁ ወደ ጫፉ ሄድሁ። ጫፉ ላይ እጅ አልነበረም። በሁለት ድንጋዮች መሐል ተሰክቶ፣ በሌላ ድንጋይ ተደግፎ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆንሁትን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም። ስሙን ጠራሁ። እየጮኽሁ ስዞር የመጣሁበት አቅጣጫ ጠፋኝ። አንድ እግሬን ባነሣ ወደ ዳገቱ ይሁን ወደ ውኃው አላውቅም። ተንበርክኬ መሬቱን በእጄ ዳሰስሁ፤ የት ጋ ሽቅብ እንደሚል ልለይ ብዬ። ከእጄ ሥር ጠጠሩ ይንቀጠቀጣል። ቅድም ደረቅ የነበረው ቦታ ጉልበቴ ሥር ረጥቦ አገኘሁት። መጀመሪያ ዝናቡ ነው አልሁ። ቀጥሎ ግን እርጥበቱ ሄደና ተመለሰ፤ ዝናብ አይመላለስም። ወንዙ እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር።

«በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮኽሁ። በአገራችን ይህን የሰማ ሰው ይቆማል። ሌባም ቢሆን ይቆማል፤ ሊገድል የሄደም ይቆማል። ይበልጣል አልቆመም። በውኃው ጩኸት አልሰማ ይሆናል ብለው በኋላ ብዙ ሰዎች ሊያስታርቁኝ ሞክረዋል። እኔ ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ በትሩን ድንጋይ መሐል የሰካው እጅ መስማት ያስፈልገው ነበር?

«በሕግ አምላክ! በሕግ አምላክ!» እያልሁ ሳለሁ እርጥብና ሞቃት ነገር ማጅራቴን ነካኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። የበቅሎ አፍንጫ ነበር።

«አንች! ሰው ነሽ ጂን?» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

«ሰው ነኝ!»

«ሰው ከሆንሽ ከውኃ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ? ትንሽ ብትቆይ እኮ ሱዳን ገብተሽ ነበር!» አሉና ክንዴን ይዘው ሽቅብ ጎተቱኝ። ጋሽ ሰይድ ይባላሉ፤ የቡሬ ነጋዴ ናቸው። ጨውና ሳሙና በበቅሎ ጭነው ወደ ገበዝ ማርያም ገበያ ሲሄዱ ዝናቡ አዘግይቷቸው ነው የደረሱት። ዓይኔን ሲያዩ ድምፃቸው ተለወጠ። «መሪሽስ?»

«ጥሎኝ ሄደ።»

የአላህን ስም ጠሩ። «ምን ልታደርጊ ነው በዚህ ዝናብ የወጣሽው?»

«የሚናገር ካልኩሌተር ልዋስ።»

«ወላሂ፣ አርባ ዓመት ስነግድ እንዲህ ያለ ዕቃ ሰምቼም አላውቅ» አሉ። «በይ ልመልስሽ ወይስ ላሻግርሽ? ወደ ኋላ ካልሽ ተሻግረው ከሚመጡ የገበያ ሰዎች ጋ አገናኝሻለሁ። ወደ ፊት ካልሽ ግን መጠበቅ ነው። ደራሽ እንደ ቁጡ ባል ነው፤ ጮኾ ጮኾ ይበርድለታል።»

መመለስ ፈለግሁ። እግሮቼ መመለስ ፈለጉ። ግን ብመለስ ሰኞ የሚለኝን ቃል አውቀዋለሁ፤ ነፃ ነሽ። «ያሻግሩኝ» አልሁ።

ከጭነቱ ሥር ተጠልለን ቆየን። ገሳቸውን አለበሱኝ፤ የሣሩ ሽታ እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። የወንዙ ድምፅ ቀለል ሲል የበቅሎዋን ጭራ አስያዙኝ። «ብትራገጥም አትልቀቂ። መንገዱን የምታውቀው እሷ ናት፤ እኔም የምከተለው እሷን ነው።»

«ጋሼ፣ እባክዎ እየተናገሩ ይሂዱ። ድምፅዎ እንዳይቋረጥብኝ።»

«ምን ልናገር?»

«ያሻዎትን።»

የበቅሎዋን ዘር ከእናቷ ጀምረው ይቆጥሩልኝ ያዙ። ውኃው ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ወገብ ወጣ። ከሥር የሚንከባለል ድንጋይ ቅልጥሜን ይመታኛል። የድንግል ማርያምን ስም ስጠራ ቆየሁ፤ ጸሎቱ ሲያልቅብኝ ደግሞ የማውቀውን ሁሉ እል ጀመር፤ ሳይን ሠላሳ ግማሽ ነው፣ ሳይን ዘጠና ደግሞ አንድ ነው። ማዶ ስንደርስ ጭራውን መልቀቅ አቃተኝ። ጋሽ ሰይድ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቋቸው። «በቃ ልቀቂያት፣ ሌላ ጭራ የላትም» አሉኝ።

መምህርት ዘውዴ በሩን ሲከፍቱ ከራስ እስከ እግሬ ዳስሰው «ይች ልጅ በውኃ ነው በመንገድ የመጣች?» አሉ። ደረቅ ልብስ አለበሱኝ። የገበዝ ማርያም ድንች ተቀቅሎ፣ በጨውና በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ፤ እንደዚያ ያለ ድንች ከዚያ ወዲህ አልበላሁም። ከዚያ ማሽኑን እጄ ላይ አስቀመጡት። የወንድ ድምፅ ነበረው፤ በእንግሊዝኛ እያንዳንዱን ቁጥር ይጠራል። አምስት ሲባዛ በስድስት አልሁት። ሠላሳ አለኝ። አለቀስሁ።

«ሳይኑስ በየትኛው ነው?» አልኋቸው ዓይኔን እየጠረግሁ።

«የምን ሳይን? እቴ፣ ይህ አራቱን ብቻ ነው የሚያውቅ። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈል። ሳይን አለው ያለሽ ማነው?»

ማንም አላለኝም። የሚናገር ሲሉኝ ሁሉን የሚናገር መስሎኝ ነበር። ለዚህ ነው እንግዲህ ልሞት የነበረው። ሐዘኔን መምህርት ዘውዴ ሰሙት። «የጎጃም ልጅ አይደለሽም? የቃል ትምህርት መቼ ከበደን? የሳይኑን ሠንጠረዥ በብሬል አለኝ፤ በቃልሽ አጥኝው። ማባዛትና ማካፈሉን ይህ ይሥራልሽ» አሉኝ። የቆሎ ተማሪ ድጓ በቃሉ እንደሚቀጽል እሳቸው እያነበቡ እኔ እየደገምሁ ቅዳሜን አመሸን፤ እሑድም ቀጠልን። ከሰዓት ጋሽ ሰይድ ጨዋቸውን ሸጠው ሲመለሱ ይዘውኝ ወረዱ። ጎርፉ ጎድሎ ወንዙን በእግራችን ተሻገርነው። እኔ ግን ከጠጠሩ ላይ እስክንወጣ የበቅሎዋን ጭራ አልለቀቅሁም።

አጎቴ ቤት ስደርስ ማንም አልደነገጠም። ይበልጣል ቅዳሜ ማታ ተመልሶ «ገበዝ ማርያም አድርሻት መጣሁ» ብሎ ኖሯል። ጋሽ ሰይድ ግን በሩ ላይ ቆመው ያዩትን ተናገሩ። እንግዳው ከሄዱ በኋላ አጎቴ በቀስታ «ልጁ ፈርቶ ነው» አሉኝ። «ዝም በይ። ቤት አይፍረስ።» ዝም አልሁ። የሰው ቤት እየኖርሁ ምን እላለሁ? ይበልጣል ሲያልፍ ልብሱ ክንዴን ይነካኝ ነበር፤ በነካኝ ቁጥር እደነግጥ ነበር።

ሰኞ ማሽኑን ይዤ ገባሁ። የሒሳቡ መምህር ሁለት ጥያቄ ጠየቀኝ፣ ሁለቱንም መለስሁ። ግራ ገባው፤ ድምፁ ያስታውቃል። ያን ጊዜ ወደ ጎኔ ዞሮ «ይበልጣል፣ እውነቱን ንገረኝ። እስከ ዛሬ ያሰላ የነበረው ማነው፣ አንተ ነህ እሷ?» አለው።

«እኔ ነኝ» አለ ይበልጣል። «እሷ የምትለውን በቃሏ አጥንታ ነው።»

«እንግዲያው አትድከሚ» አለኝ መምህሩ። «ነፃ ነሽ።» ግራሩ ሥር ሄጄ ተቀመጥሁ። ዝናብ ይዘንብ ነበር።

ይበልጣል የሒሳብ አስተማሪ ሆነ። እኔ አማርኛ ተማርሁ፤ አልጠላውም፣ ግን የመረጥሁት አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ በበትር ተመርቼ አላውቅም። ሰው እጄን ሲይዘኝ «እየተናገርህ ሂድ» እለዋለሁ፤ ብዙዎቹ ወሬ ወዳድ አድርገውኛል። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲበረታና ሌላው ድምፅ ሁሉ ሲዋጥ እስከ ዛሬ ያለሁበት ቦታ እቆማለሁ፤ ተማሪዎቼ ዝናቡ እስኪያባራ እንደማልራመድ ያውቃሉ።

ለማህሌት መልሼ የደወልሁላት ከአራት ቀን በኋላ ነው።

«አክስቴ፣ ስለ ወንዙ አባዬ ነግሮኛል» አለችኝ ገና ሳልጀምር። «ፈርቼ ነበር ብሎኛል።»

«እኔም ፈርቼ ነበር። የምሮጥበት ዓይን ግን አልነበረኝም።»

ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። «አሁን እሱ ነው የሚፈራው። ቤት ውስጥ እንኳ ግድግዳውን ይዞ ነው የሚሄደው። ከክፍል ካወጡት ምን እንደሚሆን አላውቅም።»

ስለ ይቅርታ የሚሰብኩኝ ብዙ ናቸው፤ እስካሁን ይቅር አላልሁትም፣ ልልም አላሰብሁም። ግን ራስህ ካላሰላህ ውጣ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። ያ ቃል ለማንም፣ ለእሱም ቢሆን፣ በእኔ ዝምታ እንዲደርስ አልፈለግሁም። ሌሎች ሰዎች ይህን ይቅርታ ይሉታል፤ እኔ አልለውም።

የመተግበሪያውን ስም ለማህሌት ፊደል በፊደል ነገርኋት። ስታወርደው በስልኩ ላይ ጠበቅኋት፤ ቁልፎቹ በስማቸው መጠራታቸውን አብረን ሰማን። በማግሥቱ ይበልጣል ራሱ ደወለ። አላነሣሁም። ደግሞ ደወለ። ቁጥሩን ዘጋሁትና ወደ ክፍሌ ሄጄ አስተማርሁ።